የዛሬው ፍሬ የጥንቱን ያህል ኃይል አለውን?

ከአትክልት ተራ ዘንቢሉን ሞልቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያነሣው አንድ ወቀሳ አለ። ቲማቲሙ ቀይና ድቡልቡል ሆኖ ሳለ ጣዕም የለውም፤ ሽንኩርቱ ትልቅ ሆኖ ሳለ ዓይን አያስለቅስም፤ ብርቱካኑም መልኩ ያማረ ሆኖ ሳለ ጭማቂው ውሃ ውሃ ይላል ይባላል። ሽማግሌዎቻችንም ከዚህ አልፈው፥ የዛሬ ልጅ ቶሎ የሚደክመውና ቶሎ የሚታመመው የሚበላው ነገር ከስሙ በቀር ኃይል ስለሌለው ነው ይላሉ። ይህን ወቀሳ፥ ያለፈ ዘመን ሁሉ ሲርቅ ያምራልና ትዝታ የወለደው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እኛ ግን ነገሩን ከታሪክ ጋር አያይዘን ስንመረምረው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ፍሬ ስሙንና መልኩን እንደ ያዘ ኃይሉ የሚለየው ጊዜ እንዳለ፥ ሰዎችም ይህን ሳያውቁ ቀርተው ብዙ ዘመን በበሽታ እንደ ተቀጡ የታወቀ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት የሎሚን ታሪክ ለአንባብያን ልንተርክ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሸራ ያላቸው መርከቦች ውቅያኖስን ማቋረጥ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ፥ ባሕረኞችን ከማዕበልና ከጠላት ይልቅ የፈጃቸው ስከርቪ የተባለው በሽታ ነበር። በሽታው የሚጀምረው ከየብስ ከተለዩ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሰውዬው ይታክተዋል፤ ቀጥሎ ድዱ ያብጥና ይደማል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል፤ በእግሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ ቁስል እንኳ እንደ ገና ይከፈታል፤ በመጨረሻም ድንገት ይሞታል። በ1740 የእንግሊዙ የባሕር አዛዥ ጆርጅ አንሰን 1,900 ያህል ሰዎች በመርከቦች አሳፍሮ ዓለምን ለመዞር ተነሣ። በ1744 በአንዲት የጦር መርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሺህ የሚበልጡት ሞተው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ በጠላት ጥይት የወደቁት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፥ የቀሩትን የጨረሳቸው በሽታ፥ ይልቁንም ስከርቪ ነበር።

ከዚህ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት ወር 1747፥ ሳልዝበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ጄምስ ሊንድ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን መርጦ በአንድ ክፍል አስተኛቸው። ምግባቸውን አንድ ዓይነት አደረገና ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። ለሁለቱ በየቀኑ የፖም ጠጅ፥ ለሁለቱ በውሃ የቀጠነ የአሲድ ጠብታ፥ ለሁለቱ ኮምጣጤ፥ ለሁለቱ የባሕር ውሃ፥ ለሁለቱ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ የገባበት ቅምም፥ ለቀሩት ሁለት ደግሞ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ሰጣቸው። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ። በስድስተኛው ቀን ግን ፍሬ ከበሉት ሁለቱ አንዱ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚችል ሆነ፤ ሁለተኛውም እጅግ ስለ ተሻለው የቀሩትን እንዲያስታምም ተደረገ። የፖም ጠጅ የጠጡት ጥቂት ለውጥ ታየባቸው፤ ሌሎቹ ግን እንደ ነበሩ ቀሩ።

ማንም ሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ሊንድ ራሱ ያገኘውን ነገር በሙሉ አላስተዋለውም። በ1753 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ሙከራ የሰጠው ስፍራ ጥቂት ነው፤ የበሽታውም መነሻ እርጥብ አየርና የላብ መታፈን ጭምር ነው እያለ ይከራከር ነበር። ከዚህም በላይ፥ ፍሬው በመርከብ ላይ ስለሚበሰብስ ጭማቂውን በእሳት አሙቆ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ በማትነን በጠርሙስ ማኖርን መከረ። ሮብ የተባለው ይህ ወፍራም ጭማቂ ስሙም ጣዕሙም የሎሚ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በሙቀቱ ጊዜ አብዛኛው ጠፍቶ ስለ ነበር ታማሚዎችን ለማዳን ሳይበቃ ቀረ። ስለዚህ የሎሚን ኃይል ለዓለም የገለጠው ሰው፥ የሎሚን ስም ትቶ ኃይሉን የሚያጠፋውን ዘዴ የመከረም እርሱ ሆነ። ይህን ስንጽፍ ሊንድን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ነገር በእጁ ይዞ መኖሩን እንዴት ሊያውቅ ይችል ነበር?

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኛ ሁሉ እንዲታደል ያዘዘው በ1795፥ ሊንድ በሞተ በዓመቱ፥ ሐኪሙ ጊልበርት ብሌን አጥብቆ ስለ መከረ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሰፎክ የተባለችው መርከብ የሎሚ ጭማቂ ከስኳር ጋር ለባሕረኞቿ እያደለች፥ የትም ወደብ ሳትነካ 23 ሳምንት ተጉዛ ሕንድ አገር በሰላም ደርሳ ነበር። ትእዛዙ በተፈጸመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስከርቪ ከእንግሊዝ ጦር መርከቦች ጠፋ ለማለት ይቻላል። ብዙ ሊቃውንትም እንግሊዝ በናፖሌዎን ጦርነት ጊዜ መርከቦቿን ለወራት በፈረንሳይ ወደቦች ፊት ለፊት ለማቆም የቻለችው በዚህ ጭማቂ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ጽሑፋችን ዋና ነገር ደረስን። ያ ጭማቂ የሚገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ፥ ይልቁንም በሲሲሊና በማልታ ከሚበቅለው፥ ትልቅና ቢጫ ከሆነው ሎሚ ነበር። በ1860ዎቹ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ትቶ በራሱ ቅኝ ግዛቶች በዌስት ኢንዲስ ደሴቶች የሚበቅለውን ትንሹን አረንጓዴ ሎሚ መግዛት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ራሳቸው ተክለኞች ይገባል። ከዚህም ሌላ ትንሹ ሎሚ ከትልቁ ይልቅ ይኮመጥጣል፤ የሚያድነውም ኮምጣጣነቱ ነው የሚል እምነት ስለ ነበረ፥ እንዲያውም የተሻለ መድኃኒት ያገኙ መሰላቸው። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች የሁለቱን ፍሬዎች ስም ብዙ ጊዜ አደባልቀው ይጠሩ ነበርና ለውጡን እንደ ለውጥ የቆጠረው ሰው አልነበረም። በዚህ ነገር እኛም ልንፈርድባቸው አንችልም። በአገራችን ገበያ ሎሚ የምንላት ክብ፥ ትንሽ፥ ልጣጯ ቀጭን የሆነችው ፍሬ የዚያች የዌስት ኢንዲስ ሎሚ ወገን ናት፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም ትልቁን ቢጫ ሎሚ በዚያው ስም እንጠራዋለን፤ በአማርኛችን ሁለቱም ሎሚ ናቸው።

ለውጡ ያመጣው ጉዳት ወዲያው አልታየም። በዚያ ዘመን የእንፋሎት መርከብ ስለ መጣ ጉዞው አጠረ፤ ባሕረኛውም በየወደቡ ትኩስ ሥጋና ቅጠል እየበላ ይሄድ ጀመር። ጭማቂው ኃይል ይኑረው አይኑረው የሚፈትነው ረጅም ጉዞ ጠፍቶ ነበር። ፈተናው የመጣው በ1875፥ አለርትና ዲስከቨሪ የተባሉት ሁለት መርከቦች በካፒቴን ጆርጅ ኔርስ አዛዥነት ወደ ሰሜን ዋልታ በተጓዙ ጊዜ ነው። ሰዎቹ ክረምቱን በበረዶ መካከል ሲያሳልፉ የትንሹን ሎሚ ጭማቂ በየቀኑ ይታደሉ ነበር። በ1876 የጸደይ ወራት ሸርተቴ ጋሪ እየጎተቱ በበረዶ ላይ ሲወጡ ግን ስከርቪ መታቸው፤ ከ120 ከሚበልጡት ሰዎች እኩሌታ ያህሉ ታመሙ፤ ጉዞውም ከታሰበው ጊዜ አስቀድሞ ተቋረጠ። ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው በረዶ ውስጥ የትልቁን ሎሚ ጭማቂ እየጠጡ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ በሽታ የቆዩ መርከበኞች እንደ ነበሩ ይታወቅ ስለ ነበር፥ ነገሩ በሎንዶን ትልቅ ቁጣ አስነሣ። ምርመራ ተደረገ፤ መርማሪዎቹም ጥፋቱ በሸርተቴ ጋሪው ላይ ጭማቂ አለመጫኑ ነው ብለው ፈረዱ። ጭማቂው ራሱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። የሎሚ ጭማቂ ጠጥተው የታመሙ ሰዎች ስለ ታዩ፥ አያሌ ሐኪሞች የጥንቱ መድኃኒት ከመጀመሪያውም ከንቱ ነበር ወደሚለው አሳብ አዘነበሉ። ስከርቪ የሚመጣው በተበላሸ የቆርቆሮ ሥጋ መርዝ ነው የሚለው ትምህርት ገነነ፤ ከ1901 እስከ 1904 ወደ ደቡብ ዋልታ የተጓዙት የካፒቴን ስኮት ሰዎችም በዚህ ትምህርት ተመርተው ስከርቪ አገኛቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሜሶጶጣሚያ የነበሩት የሕንድ ወታደሮች በዚሁ በሽታ ተጎዱ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የታወቀው ነገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተረሳ ማለት ነው።

እንቆቅልሹን የፈቱት ሴቶች ናቸው። በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት፥ ጊኒ ፒግ የምትባለው ጅራት የሌላት ትንሽ እንስሳ ትኩስ ምግብ ስታጣ እንደ ሰው በስከርቪ እንደምትታመም አግኝተው ነበር። በ1918 በሎንዶን የሊስተር የምርምር ተቋም ሃሪየት ቺክና ባልንጀሮቿ ይህችን እንስሳ መለኪያ አድርገው የትልቁንና የትንሹን ሎሚ ጭማቂ እያመዛዘኑ ፈተኑ። ትኩሱ የትንሹ ሎሚ ጭማቂ የትልቁን ሩብ ያህል ብቻ ኃይል ያለው ሆኖ ተገኘ፤ በጠርሙስ ተጠብቆ የቆየው ግን ከነጭራሹ የማይረባ ሆነ። በዚያው ተቋም የነበረችው አሊስ ሄንደርሰን ስሚዝ ደግሞ የባሕር ኃይሉን የቆየ መዝገብ እያገላበጠች ፍሬው መቼና እንዴት እንደ ተለወጠ አወጣች። ሃምሳ ዓመት ያህል መርከበኞች በሎሚ ስም የጠጡት ኮምጣጣ ውሃ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጨምር ብናልፍ ለትንሿ ሎሚያችን ፍርድ እናጎድልባታለን። የዛሬ የምግብ ሠንጠረዦች 100 ግራም ትኩስ ጭማቂ ከትልቁ ሎሚ ወደ 40፥ ከትንሹ ወደ 30 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ እንዳለው ያሳያሉ። ልዩነት አለ፤ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ከ1944 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፥ ሕሊናችን ጦር መሣሪያ መያዝን አይፈቅድም ባሉ ፈቃደኞች ላይ በተደረገው ሙከራ፥ ሰውን ከስከርቪ ለመጠበቅ በቀን 10 ሚሊግራም እንደሚበቃ ተረጋግጧል። ስለዚህ ትንሿ ሎሚ ትኩስ ብትሆን ኖሮ መርከበኛውን ታድነው ነበር። ጭማቂው በየማከማቻው ገንዳ አየርና ብርሃን እየነካው ሲቆይ፥ በመዳብ ቧንቧም ሲተላለፍ ያለው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ለሁለት የተከፈለ ጥፋት ነበር ማለት ነው፤ ጥቂቱ የዘሩ፥ ብዙው የአያያዙ። የዛሬውን ፍራፍሬ ስንመረምር ይህን ክፍፍል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ቪታሚን የሚለው ስም የመጣው በ1912 ከካዚሚር ፉንክ ነው። የሎሚው መድኃኒት ራሱ ተለይቶ የታወቀው ደግሞ በ1932 ሲሆን፥ የሃንጋሪው ሊቅ ሴንት ጆርጂ ሊመረመር የሚበቃ ብዛት ያገኘው ከሎሚ ሳይሆን በአገሩ በሴጌድ ከተማ ከሚበቅል ቃሪያ ነበር። እርሱም በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኃይል ሲባል የነበረው ነገር ከዚህ በኋላ በሚሊግራም የሚቆጠር ሆነ፤ የሚቆጠር ነገር ሁሉ ደግሞ ጎደለ ወይም በዛ እየተባለ ክርክር ያስነሣል።

ክርክሩም ሳይውል ሳያድር ተነሣ። ገና በ1936 በአሜሪካ፥ ሬክስ ቢች የተባለ ልብ ወለድ ጸሓፊ፥ መሬቱ ማዕድኑን ስለ ጨረሰ አትክልቱና ፍሬው ባዶ ሆኗል፥ ሕዝቡም ጠግቦ ሳለ ይራባል የሚል ጽሑፍ በአንድ መጽሔት አወጣ። ጽሑፉ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሰነድ ቁጥር 264 ሆኖ ታተመ። ምክር ቤቱ መረመረው ማለት አይደለም፤ እንዲታተም ብቻ ተደረገ። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቪታሚንና የማዕድን ኪኒን ሻጮች፥ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የመሰከረው ነው እያሉ ሲጠቅሱት ኖረዋል። ልብ በሉ፤ ዛሬ ሰዎች ፍሬ ፍሬ ነበረ የሚሉለት የአያቶቻችን ዘመን፥ በራሱ ጊዜ ባዶ ሆነ ተብሎ የተለቀሰለት ዘመን ነው።

ወሬን ትተን ወደ ሚዛን ብንሄድ፥ ከሁሉ የታመነው መዝገብ ያለው በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። በዚያ ብሮድቦክ በሚባለው ማሳ ላይ ጆን ሎውስና ጆሴፍ ጊልበርት በ1843 ስንዴ መዝራት ጀመሩ፤ ማሳው እስከ ዘመናችን ድረስ በየዓመቱ እየተዘራ፥ ከእህሉም ከአፈሩም ናሙና እየተወሰደ በዕቃ ታሽጎ ተቀምጧል። በ2008 የወጣው ጥናት ይህን የታሸገ እህል ከፍቶ መረመረው። ከ1845 እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት፥ ዚንክ፥ መዳብና ማግኔዥየም አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ግን ቁመታቸው አጭር፥ ምርታቸው ብዙ የሆኑ አዳዲስ የስንዴ ዘሮች በገቡበት ጊዜ ቀነሰ። አፈሩም ሲመረመር ማዕድኑ አልጎደለበትም። እንግዲህ የሬክስ ቢች ክስ እዚህ ላይ ወደቀ፤ የተለወጠው ዘሩ እንጂ መሬቱ አልነበረም። ስንዴ አትክልት አይደለም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ያህል ዘመን የተጠበቀ የቲማቲም ወይም የጎመን መዝገብ ስለሌለ ስንዴውን ምስክር አድርገን አቀረብን።

ስለ አትክልትና ስለ ፍራፍሬ ያለው ማስረጃ የሚገኘው ከቆዩ የምግብ ሠንጠረዦች ነው። በእንግሊዝ አገር ማክካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን በ1940 ያሳተሙት መጽሐፍ የታወቀ ነው። አን ማሪ ሜየር በ1997 ከ1930ዎቹና ከ1980ዎቹ የተገኙትን ቁጥሮች በ20 አትክልትና በ20 ፍራፍሬ ላይ አስተያይታ፥ በአትክልቱ ካልሲየም፥ ማግኔዥየምና መዳብ፥ በፍራፍሬው ደግሞ ማግኔዥየም፥ ብረትና መዳብ ቀንሰው አገኘች። በአሜሪካ ዶናልድ ዴቪስና ባልንጀሮቹ በ2004 ባወጡት ጥናት የ43 የጓሮ ተክሎችን የ1950 እና የ1999 ቁጥር አመዛዘኑ። ከ13 ንጥረ ነገሮች ሰባቱ የታመነ ለውጥ አላሳዩም፤ ስድስቱ ግን ቀንሰዋል፤ ቅነሳውም ከመቶ 6 በፕሮቲን፥ እስከ ከመቶ 38 በሪቦፍላቪን ነው። ካልሲየምና ብረት ከመቶ 15 ገደማ ወርደዋል።

የዚህን ምክንያት ሊቃውንቱ መቅጠን ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ለማስረዳት ከቡና ሥርዓታችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። አንዲት እመቤት ለስድስት ሰው ያሰበችውን ቡና አፍልታ ሳለ ስድስት እንግዶች ቢጨመሩባት፥ ውሃ ጨምራ አሥራ ሁለት ስኒ ትቀዳለች። ስኒው ሁሉ ሞልቷል፤ ስሙም አቦል ነው፤ ውስጡ ግን ቀጥኗል። ተክሉም እንዲሁ ነው። ገበሬው የሚከፈለው በሚዛን ስለሆነ፥ ዘር መራጩ ቶሎ የሚደርሰውን፥ የሚተልቀውንና በመንገድ የማይፈርጠውን ሲመርጥ ኖረ፤ ተክሉም ብዙ ውሃና ብዙ ስኳር ሲያከማች፥ ሥሩ ከአፈር የሚስበው ማዕድን በዚያው ልክ አላደገም። ማንም ሰው ተንኮል አላሰበም። የሚያሳዝነው ግን በዚህ ሁሉ ምርጫ ውስጥ በላተኛው የሚያገኘው ነገር እንደ መመዘኛ አለመቆጠሩ ነው፤ የባሕር ኃይሉም ሎሚውን ሲመርጥ ዋጋውንና ኮምጣጣነቱን እንጂ መድኃኒቱን አልመዘነም።

ቁጥሩን ግን ከሚገባው በላይ እንዳንፈራው ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ የነበረው የመመርመሪያ መንገድ ከዛሬው ይለያል፤ ናሙናውም ከየት እርሻ፥ በምን ወቅት እንደ ተለቀመ በደንብ አይታወቅም። በካናዳ ሮቢን ማርልስ በ2017 ይህን ሁሉ እንደ ገና መርምሮ፥ የቀነሰው ነገር አንድ ዓይነት ተክል ከቦታ ወደ ቦታ ከሚያሳየው ልዩነት እንደማይበልጥ፥ የሚገባውን ያህል አትክልትና ፍሬ የሚበላ ሰውም እንደማይጎድልበት ጻፈ። እኛም ወደዚህ ፍርድ እናዘነብላለን፤ ቅነሳው ፈጽሞ የለም ግን አንልም። ከመቶ 15 የቀነሰ ብረት ማለት፥ ድሮ አምስት ቅጠል ጎመን ይሰጥ የነበረውን ዛሬ ስድስት ቅጠል ይሰጠዋል ማለት ነው። ስድስተኛውን ቅጠል ለሚያገኝ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ለማያገኝ ሰው ግን ቀላል አይደለም።

አሁን ስለ አያያዝ ያልነውን እናስታውስ። ከማሳ ተቆርጦ በፀሐይ የጠወለገ፥ በመኪና ሁለት ቀን የተጓዘ ቅጠል ቪታሚን ሲውን እያጣ ይሄዳል። በብዙ ውሃ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለና ውሃው የተደፋበት ጎመን ደግሞ ከነበረው ቪታሚን ሲ እኩሌታውንና ከዚያም በላይ ያጣል፤ ከማዕድኑም ከፊሉ ከውሃው ጋር ይደፋል። የዘር መራጮች በሃምሳ ዓመት ያልወሰዱትን እኛ በአንድ ቀን ማለዳ በድስታችን እናጠፋዋለን። ስለዚህ ቲማቲሙን የሚወቅስ ሰው አስቀድሞ ድስቱን ቢመረምር አይከፋም እንላለን።

ዘር መምረጥ ሁልጊዜ ማጉደል ብቻ እንዳልሆነም መናገር ተገቢ ነው። በአሜሪካ የካሮት መራጮች ብርቱካንማው ቀለም የደመቀውን እየመረጡ ስለ ሄዱ፥ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን በካሮት ውስጥ ካለፈው ዘመን ይልቅ በዝቷል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንችም በአፍሪካ እንዲሁ ተመርጦ ተስፋፍቷል፤ ለዚህ ሥራ የደከሙት ማሪያ አንድራዴ፥ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። መራጩ የሚፈልገውን ነገር ከመዘነ ያገኘዋል ማለት ነው። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ጋዝ እየበዛ መሄዱ ግን በሌላ በኩል የሚያሰጋ ነው፤ በ2014 የታተሙ ጥናቶች ጋዙ ሲበዛ በስንዴና በሩዝ ውስጥ ዚንክና ብረት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል።

ስለ አገራችን ስንናገር በመጀመሪያ የጤፍን ነገር ማንሣት ግድ ይሆናል፤ ጤፍ ፍሬ ባይባልም የቆየ ሠንጠረዥ ሰውን እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር የለምና። በ1958 በኢትዮጵያ የተደረገው የአመጋገብ ጥናት ሕዝባችን በየቀኑ የሚያገኘው ብረት ከሌላው አገር ሰው እጅግ የበዛ መሆኑን አሳየ፤ ምንጩም ጤፍ ሆኖ ተገኘ። በ1963 ግን አልምጎርድ የተባለ ተመራማሪ፥ ከዚህ ብረት አብዛኛው ከጤፉ ውስጥ ሳይሆን በአውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩት ከአፈሩ የተጣበቀ መሆኑን ጻፈ። ጤፉ በደንብ ታጥቦ ሲመረመር ብረቱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የአፈሩ ብረት ለሰውነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንትን አነጋግሯል። ነገር ግን አንድ ሰው የድሮውን ሠንጠረዥ በመኪና ተወቅቶ ከጸዳ ጤፍ ጋር አስተያይቶ፥ ጤፍ ኃይሉን አጣ ብሎ ቢጮህ ምን ያህል እንደሚሳሳት አንባቢ ይፈርዳል። ጤፉ ያው ነው፤ የተለወጠው አውድማው ነው።

መሬቱም ቢሆን ከክርክሩ ፈጽሞ የሚወጣ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጭምር የተሳተፉበትና በ2021 የታተመው ጥናት፥ በኢትዮጵያና በማላዊ አንድ ዓይነት እህል እንደ በቀለበት አውራጃ በካልሲየም፥ በብረት፥ በዚንክና በሴሌኒየም እንደሚለያይ አረጋግጧል። አንድ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ብቻ የሚበላ ከሆነ፥ የት ተወለደ የሚለው ነገር ምን ያህል ማዕድን ያገኛል የሚለውን ይወስናል ማለት ነው። ከሩቅም ከቅርብም እየገዛ የሚበላው የከተማ ሰው ይህ ልዩነት እርስ በርሱ ይካካስለታል።

ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ ያለው ትልቁ ጉድለት የፍሬው መቅጠን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። በ2015 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዚህ መጠን በታች የሚበሉት አዋቂዎች ከመቶ 95 የሚበልጡ ሆነው ተገኝተዋል። በጾሙ ወራት እንኳ፥ ጎመንና ድንች በማዕድ ላይ ሲቀርብ፥ ከእንጀራው ጋር ሲተያይ ለማጣፈጫ ያህል ብቻ ነው። ፍሬ ደግሞ በብዙ ቤት ለበሽተኛ መጠየቂያ የሚገዛ ነገር ነው።

ሊንድ በሳልዝበሪ መርከብ ላይ ያየውን በሽታ የእኛም ወገኖች አይተውታል። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ተሰድደው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች የነበሩ ሰዎች፥ ሊንድ ሙከራውን ካደረገ ከ230 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ድዳቸው እየደማና እግራቸው እያበጠ በስከርቪ ታመሙ። በዚያ የሠሩ ሐኪሞች እንደ መዘገቡት፥ በጣቢያው ብዙ ወራት የቆየው ሰው በቅርብ ከመጣው ይልቅ ይታመም ነበር፤ ልክ መርከቧ ከየብስ በራቀች ቁጥር ባሕረኛው እንደሚታመመው። የሚታደላቸው በአብዛኛው እህልና ዘይት ነበር፤ ትኩስ ፍሬም ቅጠልም አልነበረበትም።